የቆየ ውሃ

ሰኞ 3

ኃላፊያችን ጠዋት ቢሮው ጠራኝና በሩን ራሱ ዘጋው። በር ዘግቶ ደግ ነገር ነግሮኝ አያውቅም። የምርምር ፈንዱ አዲስ ቦርድ ተሹሞለታል፤ ከዘንድሮ ጀምሮ «ለማን ይጠቅማል?» የሚለውን ላልመለሰ አይሰጥም። «የናንተ ሥራ ጥሩ ነው፣ ማንም አይክድም፤ ግን ሰው ምን ይጠጣበታል?» አለኝ። «እሺ» አልኩት። እሺ ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ጥያቄ ነበር እኮ የጠየቀኝ።

በእጃችን ያለው ገንዘብ የሚያልቀው ልክ ዝናቡ ሲገባ ነው።

ማታ እማዬ ሾርባ ሠርታ ጠበቀችኝ። ጨው አብዝቼበት ይሆን አለችኝ። ልክ ነው አልኳትና ጨረስኩት። እሷ አንዴ ቀምሳ የራሷን ወደ ማጠቢያው ደፋችው።

ረቡዕ 5

የጥናቱን ጉዳይ ሕፃን እንዲገባው አድርገሽ በአጭሩ ጻፊው ተብያለሁ። መጀመሪያ እዚህ ልሞክረው።

ከከተማ ወጣ ብሎ አንድ ሸለቆ አለ፤ በመካከሉ ትንሽ ወንዝ ይወርዳል። እዚያ የሚዘንበውን ዝናብ እንለካለን። ምን ያህሉ በዛፎቹ ቅጠል ተንኖ ወደ ሰማይ እንደሚመለስ፣ ምን ያህሉ አፈር ውስጥ እንደሚሰርግ፣ ምን ያህሉ ወንዙ ጋ እንደሚደርስ እንከታተላለን። ዝናብ ሁሉ አንድ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው፤ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ ይከብዳል፣ ቤተ ሙከራ ያለው ማሽናችን ይህን ይለያል። ስለዚህ ከወንዙ በጠርሙስ ቀድተን «አንተ መቼ ነው የዘነብከው?» ብለን ልንጠይቀው እንችላለን።

ያገኘነውን ሰው አያምነውም። ወንዙ ድንገት ሲሞላ የሚሞላው በዕለቱ ዝናብ አይደለም። አብዛኛው የቆየ ውሃ ነው፤ ከወራት በፊት ዘንቦ አፈር ውስጥ ተኝቶ የከረመ። አዲሱ ከላይ ሲጫን አሮጌው ከታች ይወጣል። ግን ለወራት በዝግታ የሚንፏቀቅ ውሃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ተነሥቶ እንዴት ይሮጣል? አናውቅም። ጥናታችን እሱ ነው።

መልሼ አነበብኩት። ለማን እንደሚጠቅም የሚል ቃል የለበትም።

ሐሙስ 6

ኮሪደር ላይ ሁለት የሒሳብ ክፍል ሰዎች፣ ከኋላቸው መሆኔን ሳያዩ፦

«ውሃ ወቃጮቹ ዘንድሮ አበቃላቸው አሉ።»

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ይህን ለማወቅ ያን ሁሉ ዓመት ፈጀባቸው?»

ሳቅኩ መሰለኝ፤ ዞር አሉ። አንዱ ደንግጦ እጄን ጨበጠኝ። «ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? እናትዎስ? በረታችሁ?» እጄን ቶሎ አልለቀቀውም። ወንድሜ ከሞተ ስንት ወር ሆነው እኮ። በርትተናል አልኩት።

እሑድ 9

እማዬ የወንድሜን ልብሶች ከሣጥን አውጥታ በረንዳው ላይ ዘርግታ አገኘኋት።

ያለፈው ዝናብ ማብቂያ ላይ ነው የሞተው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። የሰው የቤት ዕቃ አድርሶ ባዶ መኪናውን ይዞ ሲመለስ፣ መሻገሪያው ላይ ወንዙ ጠለፈው። ጎማው ወደ ላይ ሆኖ ነው መኪናው የተገኘው። እሱ በማግስቱ ተገኘ።

«የትኛውን እናስቀር?» አለችኝ እማዬ።

«ሁሉንም ስጪ። ሰው ይልበሰው።»

«ሁሉንም?»

«ምን ያደርግልናል?»

ትንሽ አየችኝና «ጠንካራ ነሽ» አለች። እንደ ምስጋና አልነበረም። አብረን አጣጠፍን። አንዱን ሸሚዝ እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ጨርቁ ወፍራም ነው፣ መንገድ ላይ ጠርሙሶቹ እንዳይጋጩ መጠቅለያ ይሆነኛል። እማዬ አይታ ሣጥኑን ዘጋች።

ረቡዕ 12

ሸለቆው ሄድን፣ እኔና ጉንዳን። ጉንዳን ረዳት ተመራማሪዬ ናት፤ ይህን ስም ያወጣንላት ከራሷ ክብደት የሚበልጥ ሣጥን ተሸክማ ዳገት ስለምትወጣ ነው። እሷም ወዳዋለች። ከአክስቷ ቤት ወጥታ የራሷን ቤት ልትከራይ ነው፤ መንገዱን ሙሉ ስለ መጋረጃ አወራችልኝ። የሥራ ውሏ ከፈንዱ ጋር የታሰረ ነው። አላነሣችውም፣ እኔም አላነሣሁትም።

የወንዙ መለኪያ ባትሪ ሞቶ ጠበቀን። መቀየር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሁለት ሳምንት ባዶ። «ግድ የለም፣ ደረቅ ጊዜ ነው» አለች ጉንዳን። ግድ አለው። ደረቅ ጊዜም ጊዜ ነው።

አርብ 14

ኃላፊያችን እንደገና። በሩ ተዘጋ።

«የጎርፍ ማስጠንቀቂያ በይው።»

«ማስጠንቀቂያ አይደለም እኮ።»

«ከጎርፍ ጋር ምንም አይገናኝም?»

«ይገናኛል። ግን…»

«ግኑን ተይው። ግን ብሎ ገንዘብ ያገኘ የለም።» ወንበሩን ወደኔ ሳበ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሐዘናችን ላይ ወንበር ሲደረድር ያመሸው እሱ ነው። «አንድ ነገር ልበልሽ፤ አትቀየሚኝ። ቦርዱ ፊት ስትቀርቢ ወንድምሽን ንገሪያቸው። ሌላ ምንም አያስፈልግሽም።»

«አስብበታለሁ» አልኩት።

አልተቀየምኩም። መቀየም የነበረብኝ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ቅያሜውን ጠበቅኩት፤ አልመጣም።

ማክሰኞ 18

ማመልከቻው ገባ። ርዕሱ «የጎርፍ ቅድመ ማስጠንቀቂያ በሁለት ዓመት»።

ጉንዳን አነበበችው። «በሁለት ዓመት እንችላለን?»

«አንችልም።»

«እሺ» አለች። እሺታዋ የኔን መሰለኝ።

ቅዳሜ 22

መኪናዬ ጋራዥ ናት። በታክሲ። ሹፌሩ ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ውሃ አጠናለሁ አልኩት።

«እንግዲያውስ የኛ ሰፈር ቧንቧ መቼ እንደሚመጣ ይነግሩኛል። ፈረቃው ከተጀመረ ወዲህ ሚስቴ በሌሊት ተነሥታ ባልዲ ትደረድራለች።»

«እሱን አላውቅም።»

«የሚያጠኑት እርስዎ፣ የማያውቁት እርስዎ። ማን ይወቅልን ታዲያ?» በክፋት አልነበረም። ሊያስቀኝ ነው። ስወርድ የገንዘቤን መልስ ትቼ ሄጄ ኖሮ ጠራኝ።

ማታ መስታወት ፊት ቆሜ ለቦርዱ የምናገረውን ተለማመድኩ። ድምፄ የቱ ጋ ዝቅ ማለት እንዳለበት ለየሁ። ስደጋግመው ጥሩ ሆነ። እማዬ በግድግዳው ማዶ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አደረገችው፤ ከዚያ መልሳ ከፍ አደረገችው።

ሐሙስ 27

ዛሬ ነበር።

ረጅም ጠረጴዛ፤ አምስቱም በአንድ ወገን፣ እኔ በወዲያኛው። ሰብሳቢው ትሑት ሽማግሌ ናቸው፤ እያንዳንዱን ተናጋሪ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ይቀበላሉ። ሥዕላዊ መግለጫዎቼን አሳየሁ። አንዷ የቦርድ አባል ስልኳን ከጠረጴዛው በታች ይዛ ነበር። ከዚያ ሰብሳቢው ይጠየቃል የተባለውን ጠየቁ። «ዶክተር፣ ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል?»

ነገርኳቸው። መኪናውን፣ መሻገሪያውን፣ ጎማውን። ስልኳን የያዘችው ሴት ስልኩን አስቀመጠችና ዓይኗን ጠረገች። ድምፄ ዝቅ ማለት ያለበት ቦታ ላይ ዝቅ አለ። የመለኪያ ቁጥር ለጉንዳን ሳስጽፋት የማወጣው ድምፅ ነበር፣ ከዚያ የተለየ አይደለም።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ጥናት ቀድሞ ቢጠናቀቅ ኖሮ ወንድምዎ ይተርፉ ነበር ነው የሚሉን?»

ይህን አልተለማመድኩትም ነበር።

«ሊተርፍ ይችል ነበር» አልኩ።

ውጪ ጉንዳን ትጠብቀኝ ነበር። ፊቴን አይታ ያልተሳካልኝ መስሏት አቀፈችኝ። ጥሩ ሄደ አልኳት። መኪናው ውስጥ ገብቼ የእጅ ፍሬኑን ሳልፈታ ብዙ መንገድ ነዳሁ፤ ሽታው ነው ያስታወሰኝ።

ሰኞ 1

ተፈቀደ። ሙሉውን።

ኃላፊያችን ኬክ አስመጣ። ጉንዳን አለቀሰች፤ ከሰዓት በኋላ ወጥታ ቤቱን ተከራየች። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ ሳይቀር መጥቶ ቆረሰ። «እናንተ እኮ ሕይወት አዳኝ ናችሁ፤ እኛ አላወቅንም» አለ።

የኬኩ ክሬም ምን ጣዕም እንደነበረው ብጠየቅ መናገር አልችልም። ነጭ ነበር።

ረቡዕ 3

ስገባ እማዬ ኮቷን እንደለበሰች ወጥ ቤት ተቀምጣለች። ታች ያለችው ልብስ ሰፊ ዘንድ የኮቷን ቁልፍ ልታስተክል ወርዳ ነበር፤ እዚያ ሬዲዮ ተከፍቷል።

«ስላንቺ አወሩ» አለች።

«ምን አሉ?»

«ወንድሟን ጎርፍ የወሰደባት ተመራማሪ፣ ገንዘቡ በጊዜ ቢሰጣት ኖሮ ወንድሟን ታተርፈው ነበር አሉ። ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን አቁማ አለቀሰችልኝ።» ከዚያ ቀና አለች። «እውነት ነው?»

ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ስም ላወጣለት አልቻልኩም። ተስፋ ይመስል ነበር፤ ለሞተ ሰው ተስፋ የሚባል ካለ።

«አይደለም» አልኩ።

«ምኑ አይደለም?»

«አይተርፍም ነበር። እኛ የምንለካው ሌላ ወንዝ ነው። ያንን ብንለካው ደግሞ መቼ እንደሚሞላ መናገር አንችልም። ውሃውንም አይቶታል፣ እማዬ። ከኋላው የነበረው ሹፌር አትግባ ብሎታል። ገባ።»

ጣቷ የኮቷን አዲስ ቁልፍ ያዞራል።

«ታዲያ ለምን ስሙን አነሣሽው?»

«ስሙን አልጠራሁም።»

«ሞቱን ጠራሽ። ስሙንማ ስንት ሰው ይጠራበታል። ሞቱ የሱ ብቻ ነበር።»

ተነሥታ ክፍሏ ገባች። እኔ ሳህን አጠብኩ። ንጹሖቹንም ጭምር አጥቤያቸዋለሁ።

አርብ 5

አታናግረኝም። እራቴ ግን ተከድኖ ይጠብቀኛል።

እሑድ 7

እንደዚያው። ስልክ ሲደወል «አለች» ትላለች፣ ስለ እኔ። ያቺ ናት የሳምንቱ ንግግሯ።

ሥራ ልሠራ ተቀምጬ የቦርዱን ጥያቄ ደጋግሜ አሰብኩት። ሽማግሌው መነጽራቸውን ሲያወልቁ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ሰው ካለቀሰ በኋላ እውነቱ ሌላ ነው ቢሉት ምን ይሰማዋል? ምናልባት ምንም አይሰማውም። እኔ ምንም አይሰማኝም።

ማክሰኞ 9

ሰብሳቢው ዘንድ ሄድኩ። እንደ ልማዳቸው ብድግ ብለው ተቀበሉኝ።

«የነገርኳችሁ ልክ አልነበረም» አልኳቸው።

«ወንድምዎ አልሞቱም?»

«ሞቷል። ግን ጥናቱ አያድነውም ነበር። በሁለት ዓመት ማስጠንቀቂያ አንሠራም፣ በአምስትም አንሠራም።»

«ታዲያ ምንድነው የምትሠሩት?»

ነገርኳቸው። የቆየውን ውሃ፣ አዲሱን፣ ማሽኑን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ፤ እንዲያውም አንዴ «ይገርማል» ብለው ወደ መስኮቱ አዩ። ከዚያ ፈገግታቸው ጠፋ።

«ዶክተር፣ ይገርማል ብዬ ቦርድ ፊት ማቅረብ አልችልም። ውጪ ሰው በፈረቃ ውሃ ይቀዳል። እንደገና ልጠይቅዎት፣ ለማን ይጠቅማል?»

«አላውቅም። አንድ ቀን ማስጠንቀቂያውን በእውነት የሚሠራ ሰው ከመጣ፣ ውሃው ከየት እንደሚነሣ ማወቅ ይኖርበታል። ያ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። ላይመጣም ይችላል።»

«ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም አይጠይቅዎትም ነበር።»

«እናቴ ጠየቀችኝ።»

እስከ በሩ ሸኙኝ። እጄን ጨበጡኝ።

ሰኞ 15

ቦርዱ ቀነሰው፤ ለአንድ ዓመት ብቻ። ለመለኪያዎቹና ለማሽኑ። ለሰው ደመወዝ የለም። ሽማግሌው ይህንንም ያስተረፉት ተከራክረው ነው አሉ።

ኃላፊያችን አልተቆጣም። «አፍሽ ድረስ የመጣ እንጀራ ደፋሽ» አለና ወጣ። በሩን አልዘጋውም።

ጉንዳን ዕቃዋን ስትሰበስብ ደረስኩ።

«ለህሊናዎ የከፈልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ።

«አዎ።»

«አዎ ብቻ?»

«ሌላ ምን ልበል?»

«ይቅርታ የሚባል ነገር አለ፣ ዶክተር። ሰዎች ይሉታል።»

«ይቅርታ» አልኳት። ከወረቀት ላይ እንደሚነበብ ሆኖ ወጣ። ሳቀች፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም። «ሲዋሹም አልነገሩኝም፣ እውነቱን ሲናገሩም አልነገሩኝም። አንዴ እንኳን ቢጠይቁኝ ኖሮ እኮ ይሂዱ፣ ይንገሯቸው ልልዎት እችል ነበር።» የመጋዘኑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ቤቱን መልቀቅ አለባት። አክስቷ ክፍሏን ለሌላ ሰው አከራይታዋለች።

እውነቷን ነው። ልትል ትችል ነበር። አልጠየቅኳትም።

ረቡዕ 17

ለውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ስለ ጉንዳን ደወልኩ። የማውቀው መሐንዲስ «የቅሬታ ክፍል ሰው እንፈልጋለን፣ ቧንቧ ደረቀብኝ የሚል ሰው ሲሰድባት የምትችል ከሆነ» አለኝ። ትችላለች አልኩት።

ሐሙስ 18

ዝናቡ ገባ። እማዬ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ ወደኔ ሳትዞር፣ «ቦታውን አሳዪኝ» አለች።

«የትኛውን ቦታ?»

«ታውቂዋለሽ።»

አላውቀውም። እኔም ሄጄ አላውቅም። ሥራ እየበዛ ነው።

እሑድ 21

ሄድን።

የጠበቅኩት ትልቅ ወንዝ ነበር። ዝቅ ብሎ የተሠራ የሲሚንቶ መሻገሪያ ነው፤ ውሃው ከላዩ እንደ ስስ ጨርቅ ያልፋል። አንድ ሰውዬ ሚኒባሱን መካከሉ ላይ አቁሞ ያጥባል፣ ያፏጫል። እማዬ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ብዙ ጊዜ ሰውዬውን አየችው።

«ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?» አለች።

ጀመርኩላት። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ አቆመችኝ። «እንደሱ አይደለም። እሱ የዚያ የመሥሪያ ቤትሽ ነው። ለኔ ንገሪኝ።»

ኮረብታውን አሳየኋት። በዚያን ዕለት የዘነበው ብዙ እንዳልነበረ፣ ያን ያህል ውሃ ሊሆን እንደማይችል። አፈሩ ከወቅቱ መጀመሪያ አንሥቶ ጠጥቶ ጠግቦ እንደነበር። አዲሱ ሲጨመርበት የከረመው እንደወጣ፤ እዚህ ባንለካም የምንለካው ወንዝ እንደዚያ እንደሚያደርግ።

«ከወቅቱ መጀመሪያ?»

«ከዚያ ጀምሮ።»

«ያን ጊዜ እኮ ደስ ብሎን ነበር» አለች። «ደረቁ አለፈ ብለን። እሱ በረንዳው ላይ ቆሞ በዝናቡ ሲደበደብ፣ አንቺ ትታመማለህ ግባ ስትይው። ያ ውሃ ነው?»

«እዚህ የዘነበው ነው እንጂ እቤታችን የዘነበው አይደለም።»

«ደግሞ ልታርሚኝ ነው?»

«የዚያው ሰሞን ዝናብ ነው፣ እማዬ። አዎ።»

ራሷን ነቀነቀች። ሰውዬው ጨርቁን ጨምቆ፣ ሚኒባሱን አስነሥቶ ሄደ።

«እንዴት ነው ታዲያ ስንት ወር የተኛ በአንድ ቀን የሚነሣው?»

«አናውቅም።»

«እናንተ አታውቁም ወይስ ማንም?»

«ማንም በደንብ አያውቅም።»

«እኒያ የነገርሽኝ ሽማግሌ ማወቅ አይፈልጉም?»

«ይፈልጋሉ መሰለኝ። ግን ለማን ይጠቅማል ይላሉ።»

«እኔ እፈልጋለሁ» አለች። ነጠላዋን አስተካከለችና ክንዴን ይዛ ተነሣች። ለምን እንደምትፈልግ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ማክሰኞ 23

ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አደረ። ወንዙ ሲሞላ ከሸለቆው በየሰዓቱ ውሃ መቅዳት አለብኝ፤ ይህን የምትሠራው ጉንዳን ነበረች። እማዬ ብቻሽን አትሄጂም ብላ ከኔ ቀድማ መኪናው ውስጥ ገባች። ጃንጥላ ይዛ፣ በጫማዋ ላይ ፌስታል አስራ።

እሷ መኪናው ውስጥ ሆና ክዳን ታቀብለኛለች፣ በሞላው ጠርሙስ ላይ የነገርኳትን ትጽፋለች። ጽሕፈቷ ትልልቅ ነው፤ ከጠርሙሱ ይተርፋል። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ስቀዳ ጉልበቴ ድረስ ገባሁ። አልፈራሁም። መጠንቀቅ ብቻ ነው።

ጉንዳን ደወለች። ሥራ ጀምራለች። «መለኪያው ሠራ?» አለች። ሠራ አልኳት። «እሺ» ብላ ዘጋችው። ያን ብቻ ልትጠይቅ ነው የደወለችው።

ቀኑ ሲያበቃ የመጨረሻውን ጠርሙስ ይዤ ገባሁ፤ ክዳኑ እምቢ አለኝ። ጣቶቼ አልታዘዝ አሉ። እማዬ ጠርሙሱን ተቀብላ ዘጋችው። ከዚያ ሁለቱን እጆቼን በእጆቿ መካከል አድርጋ ማሸት ጀመረች፣ የፊት መስታወቱን እያየች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ ደሙ ሲመለስ እንደ መርፌ ይወጋ ጀመር።

«ያምሻል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ። ድምፄ ዝቅ ያለበትን ቦታ አላወቅኩትም። «በጣም ያመኛል፣ እማዬ።»

«እንግዲያውስ ትንሽ ቆይተን እንሄዳለን» አለች።

ሞተሩን አጠፋሁት።